የበሩ ቁልፍ በማን እጅ ነው? ከደብረ ብርሃን አጥር እስከ ኮምፒውተራችን ፎልደር

አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት አስቡ። አንድ ኮምፒውተር፣ አምስት ሠራተኛ፣ አንድ የይለፍ ቃል። የይለፍ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ተለጥፏል። አምስቱም የሚገቡት «አድሚን» በሚለው ስም ነው። በዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት የመሬት ይዞታ መዝገብ አለ፤ የሕፃናት የልደት ምዝገባ አለ፤ ከቀያቸው ተፈናቅለው የመጡ ሰዎች ስም ዝርዝር አለ። አንድ ቀን የሴትዮዋ ይዞታ በሌላ ሰው ስም ሆኖ ተገኘ እንበል። ማን ለወጠው? ኮምፒውተሩ የሚያውቀው መልስ አንድ ብቻ ነው፦ «አድሚን»። አምስቱም አድሚን ናቸው። ስለዚህ የለወጠው ማንም አይደለም።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ «ማንም» ነው።

ኮምፒውተር ውስጥ ባለ በእያንዳንዱ ፋይልና ፎልደር ላይ ሦስት ጥያቄ ይነሳል። ማን ያነብበዋል? ማን ይጽፍበታል? ማን በእሱ በኩል ያልፋል? እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልሰው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው፣ ማሽኑን ከሥር ሆኖ የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስም ሊነክስም በስልካችን ያለው አንድሮይድም የዚሁ ወገን ናቸው። ብዙ ሰው ነገሩን «የአይቲ ልጆች ሥራ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን የአስተዳደር ጉዳይ ነው እላለሁ። ማሽኑ የመጣው ትናንት ነው፤ ጥያቄው ግን ከነገሥታቱ ግቢ ጀምሮ አብሮን የኖረ ነው። ለዚህ ደግሞ ከሰሜን ሸዋ የተሻለ አስረጂ ማግኘት ይከብዳል፤ ደብረ ብርሃንም አንኮበርም በየዘመናቸው የነገሥታት መቀመጫ ነበሩና።

አንድ፦ ሁሉ ነገር በአንድ እጅ

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) ደብረ ብርሃንን የመሠረቱት በሰማይ ላይ ብርሃን ከታየ በኋላ መሆኑን ዜና መዋዕላቸው ይናገራል። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ያን ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1456 ከታየው ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል። በዚያ ዘመን ንጉሥ በድንኳን ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር ነበር። ዘርዐ ያዕቆብ ግን ደብረ ብርሃን ላይ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ሠርተው የቀረ ዘመናቸውን አብዛኛውን እዚያው ተቀመጡ። ንጉሡ አንድ ቦታ ሲቀመጥ አጥር ይመጣል። አጥር ሲመጣ ደግሞ «ማን ይግባ?» የሚለው ጥያቄ የየዕለት ሥራ ይሆናል።

ዜና መዋዕሉ የዚያን ግቢ ሥርዓት በዝርዝር ይተርካል። ወደ ውስጠኛው ቤት የሚዘልቁት ጥቂቶች ነበሩ። ከንጉሡ ጋር በቅርብ የሚገናኙት እንደ አቃቤ ሰዓት ዓምኃ ጽዮን ያሉ የታመኑ ሰዎች ነበሩ። ውስጥ የሚያገለግሉት ብላቴኖች ከውጭው ሰው ጋር እንዳይቀላቀሉ ይጠበቁ ነበር፤ የውስጡ ምሥጢር ወደ ውጭ እንዳይወጣ ነው። በዛሬ ቋንቋ የማንበብ ፈቃድ የተሰጠው ሰው ያነበበውን ይዞ እንዳይወጣ ተከልክሎ ነበር ማለት ነው።

በሹመቱም በኩል ንጉሡ ወደ አንድ አቅጣጫ ሄዱ። የግራና የቀኝ ብሕት ወደድ የሚባሉትን ከፍተኛ ሹመቶች ለሴት ልጆቻቸው ሰጡ፤ በየአውራጃውም የገዛ ቤተሰባቸውን ሾሙ። ኋላ ይህም አልበቃቸውም፤ አገሩን በቀጥታ ከእጃቸው ሥር አድርገው ማስተዳደር ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1468 ሲያርፉ የነገሡት ልጃቸው በእደ ማርያም ናቸው። አዲሱ ንጉሥ ከመጀመሪያ ሥራዎቻቸው አንዱ ያደረጉት የድሮዎቹን ሹመቶች መመለስ ነበር። በአንድ ሰው እጅ ላይ የተሠራ ሥርዓት ከዚያ ሰው ዕድሜ አያልፍም።

ኮምፒውተር ውስጥ ይህ ሁሉን ቻይ ሰው ስም አለው። በዩኒክስና በሊነክስ «ሩት» ይባላል፤ በዊንዶውስ «አድሚኒስትሬተር»። ሩት የማይከፍተው በር፣ የማይሰርዘው መዝገብ የለም ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ አካል መኖሩ አያስገርምም፤ ቤቱን የሚሠራና የሚጠግን ሰው የግድ ያስፈልጋል። ችግሩ የዕለት ተዕለት ሥራ በሩት ስም ሲሠራ ነው። ደብዳቤ ለመተየብ የንጉሥ ሥልጣን አያስፈልግም።

ሁለት፦ የአንኮ በር

ከዘርዐ ያዕቆብ ወደ አራት መቶ ዓመት ገደማ እንሻገር። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ አሁን አንኮበር ነው። ስሙን ብዙዎች «የአንኮ በር» ብለው ይፈቱታል፤ አንኮ ከሸዋ መኳንንት በፊት ቦታውን ትገዛ የነበረች የኦሮሞ እመቤት ናት ይባላል። ቦታውም ለስሙ የተገባ ነው። ከቆላው አፋር በረሃ ወደ ደጋው ሸዋ የሚወጣ ነጋዴ የሚያልፈው በዚህ ነው። ከታጁራ የተነሳ ሲራራ ነጋዴ በረሃውን አቋርጦ ፋሬ ይደርሳል፤ ከዚያ አልዩ አምባ ገበያ፤ ከዚያ ወደ ላይ አንኮበር። በእያንዳንዱ እርከን ላይ ጠያቂ አለ፦ ማን ነህ? ምን ይዘሃል? ማን ፈቀደልህ?

በንጉሥ ሳህለ ሥላሴ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1813–1847) የዚህ ምሥራቃዊ በር ጠባቂ ወላስማ መሐመድ ነበሩ። ሹመቱ በዘር የሚወርድ ነበር። የሚገርመው፣ የጎንቾ የመንግሥት እስር ቤት ጠባቂም እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። በዚያ እስር ቤት የንጉሡ ወንድሞች ሳይቀሩ ይታሰሩ ነበር፤ ዙፋን እንዳይመኙ ነው። የመግቢያውም የመቆለፊያውም ቁልፍ በአንድ ሹም እጅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1841 ክረምት ካፒቴን ዊሊያም ሃሪስ የሚባል የእንግሊዝ መልእክተኛ ብዙ ስጦታ ጭኖ በዚህ በር መጣ። የመጣው ከመንግሥት ተልኮ ነው፤ ቢሆንም ፋሬና አልዩ አምባ ላይ የንጉሡ ፈቃድ እስኪደርስ መጠበቅ ነበረበት። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሳህለ ሥላሴና ሃሪስ የንግድና የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። በውሉ መሠረት እንግሊዛውያን በሸዋ የመኖርና የማለፍ መብት አገኙ።

ወረቀቱ እንዲህ ይላል። በሩስ? ዮሐን ክራፕፍ የሚባለው ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ለእንግሊዝ የሚስዮን ማኅበር የሚሠራ ሰው ነበር። ሸዋ ገብቶ ከሁለት ዓመት ከመንፈቅ በላይ ከኖረ በኋላ በ1842 መጀመሪያ በወሎ በኩል ወጣ። ከዚያ በባሕሩ በኩል ተመልሶ ሊገባ ሲሞክር ሳህለ ሥላሴ ከለከሉት። ውሉ ገና አንድ ዓመት አልሞላውም ወይም እምብዛም አላለፈውም። ውሉ አልተቀደደም፤ አልተሻረም። በሩ ግን አልተከፈተም።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማር። አንደኛ፣ ፈቃድ የሚኖረው በወረቀት ላይ ሳይሆን በበሩ ላይ ነው። መመሪያ ተጽፎ ሊሰቀል ይችላል፤ የሚያስከብረው በረኛ ከሌለ ጌጥ ነው። ሁለተኛ፣ ፈቃድ የሰጠ አካል መልሶ ሊነሳ ይችላል፤ ግን መንሳቱና ምክንያቱ የሚመዘገብበት ቦታ ከሌለ የተከለከለው ሰው የሚከራከርበት ነገር አይኖረውም።

ሦስት፦ በወንጌል ላይ የተጻፈ ርስት

አባቶቻችን ለመጻፍ ፈቃድ የተለየ ጥንቃቄ ነበራቸው። ርስትና ጉልት ሲሰጥ ውሳኔው በቤተ ክርስቲያን የወንጌል መጽሐፍ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር። ወርቃማ ወንጌል የሚባሉት መጻሕፍት ከቅዱስ ቃሉ ጎን የመሬት ውል፣ የምስክር ስም፣ የሹማምንት ዝርዝር ይዘዋል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ግዝት አለ፤ ይህን የለወጠ፣ ይህን የፋቀ እንዲህና እንዲያ ይሁን የሚል።

ዘዴውን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። መጽሐፉ በሕዝብ ፊት ይነበባል፤ ስለዚህ ማንበቡ ለብዙዎች ክፍት ነው። መጻፉ ግን በንጉሥ ወይም በገዢ ትእዛዝ፣ በምስክሮች ፊት፣ በታወቀ ጸሐፊ እጅ ነው። የምስክሮቹ ስም አብሮ ስለሚቀመጥ «ማን ጻፈው?» ለሚል መልስ አለ። ማንበብና መጻፍ ሁለት የተለያዩ ሥልጣኖች መሆናቸውን ያ ዘመን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ዛሬ ብዙ ቢሮ ውስጥ የጠፋው ይህ ልዩነት ነው፤ መዝገቡን ማየት ያለበት ሰው ሁሉ መዝገቡን መለወጥም ይችላል።

አራት፦ ማሽኑ ለብዙ ሰው ሲካፈል

ኮምፒውተር በመጀመሪያ ይህ ጭንቀት አልነበረበትም። አንድ ሰው ሥራውን ይዞ ይመጣል፣ ማሽኑ ይሠራለታል፣ ቀጣዩ ይተካል። ነገሩ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ አንድ ማሽን በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው እንዲጠቀምበት ሲደረግ ነው። ቤቱ የጋራ ሆነ። ጎረቤት መጣ። ጎረቤት ሲመጣ ቁልፍ ያስፈልጋል፤ የይለፍ ቃል በኮምፒውተር ላይ ሥራ የጀመረው በዚያ ነው።

የመጀመሪያው ሌብነትም ብዙ አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ1962 አለን ሸር የሚባል ተማሪ የተመደበለት የማሽን ሰዓት አልበቃው አለ። የሁሉ ሰው የይለፍ ቃል አንድ ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሸር ያን ፋይል እንዲያትምለት ማሽኑን ጠየቀ፤ ማሽኑም አተመለት። ሰብሮ አልገባም፤ የማንበብ ፈቃድ በትክክል ስላልታጠረ ብቻ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ በዚያው ሲስተም ሁለት የሥራ ኃላፊዎች በአንድ ጊዜ ሁለት ፋይል ሲያርሙ ፋይሎቹ ተቀያየሩ። ለተጠቃሚ ሁሉ «እንኳን ደህና መጡ» የሚለው የዕለት ማስታወቂያ መውጣት በነበረበት ቦታ የሁሉም ሰው የይለፍ ቃል ወጣ። ምሥጢሩ ሁሉ በአንድ ሣጥን ነበርና ሣጥኑ ሲከፈት የሁሉም ተከፈተ።

ከዚህ ትምህርት ተወስዶ በ1969 ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ በቤል ላብራቶሪ ዩኒክስን ጀመሩ። በ1971 በወጣው የመጀመሪያው መመሪያ መጽሐፍ ላይ የፋይል ፈቃድ ለሁለት ወገን ብቻ ተከፍሏል፦ ለባለቤቱና ለሌላው ሰው። ጥቂት ቆይቶ ሦስተኛ ወገን ተጨመረ፤ ቡድን። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉ አብዛኞቹ ሰርቨሮች የሚሠሩበት ሥርዓት ይኸው ነው። ሦስት ወገን፦ ባለቤት፣ ቡድን፣ ሌላው ሰው። ለእያንዳንዱ ሦስት ፈቃድ፦ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ማስኬድ።

ባለሙያዎች ይህን በቁጥር ያሳጥሩታል። ማንበብ 4 ነው፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1። የሚፈቀዱትን ትደምራላችሁ። 640 ማለት ባለቤቱ ያነባል ይጽፋል (4 እና 2፣ ስድስት)፣ ቡድኑ ያነባል ብቻ (4)፣ ሌላው ሰው ምንም (0)። የመሬት መዝገቡን የሚያስተዳድረው ባለሙያ ይጽፍበት፣ የቢሮው ባልደረቦች ይዩት፣ መንገደኛው አይድረስበት እንደ ማለት ነው። 777 ማለት ደግሞ ማንም ያነባል፣ ማንም ይጽፋል፣ ማንም ያስኬዳል። ሲስተም አልሠራ ያለው ሰው ቸኩሎ 777 ያደርገዋል፤ ይሠራለታል። በሩን ከማጠፊያው ነቅሎ መጣልም እኮ መግቢያ ይሆናል።

ስለ ፎልደር አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በዩኒክስ ሥርዓት ለፎልደር «ማስኬድ» ማለት ማለፍ ማለት ነው፤ ኬላ ነው። በአልዩ አምባ ሳታልፍ አንኮበር እንደማትደርስ፣ በላይኛው ፎልደር የማለፍ ፈቃድ ከሌለህ ውስጡ ያለው ፋይል ለአንተ ክፍት ቢሆንም አትደርስበትም። ከዚህ የሚብሰው ሁለተኛው ነው። አንድን ፋይል ለመሰረዝ የሚያስፈልገው በፋይሉ ላይ የመጻፍ ፈቃድ ሳይሆን በፎልደሩ ላይ የመጻፍ ፈቃድ ነው። መዝገቡ ታሽጎ «አይነካም» ቢባልም መደርደሪያው የእኔ ከሆነ መዝገቡን ሳልከፍተው አውጥቼ መጣል እችላለሁ። ስለዚህ «ፋይሉ ተቆልፏል» የሚል ኃላፊ ካለ «መደርደሪያውስ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አምስት፦ አፈ ንጉሥ

በዩኒክስ ላይ አንድ እንቆቅልሽ ነበር። ተራው ተጠቃሚ የገዛ የይለፍ ቃሉን መለወጥ አለበት። የይለፍ ቃሎቹ መዝገብ ግን የሩት ነው፤ ተራ ሰው አይጽፍበትም። ምን ይደረግ? ዴኒስ ሪቺ መላ አመጣ፤ በ1979ም የፈጠራ ባለቤትነት ተሰጠበት። አንድ የተወሰነ ፕሮግራም በሚሠራባት ቅጽበት ብቻ የባለቤቱን ሥልጣን ተውሶ እንዲሠራ ማድረግ ነው። ፕሮግራሙ በሩት ሥልጣን መዝገቡን ይከፍታል፤ የጠያቂውን መስመር ብቻ ይለውጣል፤ ይዘጋል።

ለእኛ አገር አንባቢ ይህ አዲስ አይደለም፤ አፈ ንጉሥ ነው። የንጉሥ አፍ። ንጉሡ ዘንድ መግባት የማይችል ባለጉዳይ በአፈ ንጉሡ በኩል ፍርድ ያገኛል። አፈ ንጉሡ የሚናገረው በራሱ ሳይሆን በንጉሥ ሥልጣን ነው፤ ሥልጣኑም ለተሾመበት ጉዳይ ብቻ ነው። አደጋውም የታወቀ ነው። አፉ ከታዘዘው በላይ ከተናገረ የተናገረው እንደ ንጉሥ ቃል ይቆጠራል። የኮምፒውተር ሰባሪዎችም ብዙ ጊዜ የሚያነጣጥሩት እንዲህ ያሉ የተዋሰ ሥልጣን ያላቸውን ፕሮግራሞች ነው።

ሥልጣንን ማከፋፈል በመንግሥትም ዘግይቶ መጥቷል። ዐፄ ምኒልክ፣ ደብረ ብርሃን አጠገብ አንጎለላ የተወለዱት፣ በ1900 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። ግምጃ ቤቱ ለአንዱ፣ ፍርዱ ለሌላው፣ ጦሩ ለሌላው፣ ጽሕፈቱ ለሌላው ሆነ። በኮምፒውተሩ ዓለም ይህን ሐሳብ በጥርት ያስቀመጡት ጀሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር ናቸው፤ በ1975 ባወጡት ጽሑፍ። ሐሳቡ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ሰውና እያንዳንዱ ፕሮግራም ለሥራው የሚበቃውን ያህል ፈቃድ ብቻ ይኑረው፤ ከዚያ አይለፍ።

ስድስት፦ በር የሌለው ቤት ወረስን

ታዲያ ይህ ሁሉ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከታወቀ ለምን ቢሯችን ሁሉ «አድሚን» ሆነ?

ምክንያቱ የወረስነው ቤት ነው። በ1981 የወጣው የማይክሮሶፍት ዶስ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ጠረጴዛ የተሠራ ነበር። ፋይል ባለቤት የለውም፤ ማሽኑ ፊት የተቀመጠ ሁሉ ጌታ ነው። ዊንዶውስ 95ና 98ም ፋይል በማጠር በኩል ከዚያ አልራቁም። የብዙዎቻችን የኮምፒውተር ትውውቅ በእነዚህ ነው፤ ልማዳችንም ከዚያ መጣ። ማይክሮሶፍት በ1993 ዊንዶውስ ኤንቲን ሲያወጣ እውነተኛ የፈቃድ ሥርዓት አመጣ። ከዩኒክስ ሦስት ወገኖች ይልቅ ስም ዝርዝር ይጠቀማል፤ ለእገሌ ማንበብ፣ ለእገሊት ማንበብና መጻፍ፣ ለዚህኛው ክልክል። አዲስ ፎልደር ሲፈጠርም የላይኛውን ፎልደር ፈቃድ ይወርሳል። ከላይ የተሳሳተ እስከ ታች ድረስ ተሳስቶ ይወርዳል ማለት ነው።

በ2001 ኤክስፒ በየቤቱ ሲገባ ሥርዓቱ ውስጡ ነበር፤ ነገር ግን በቤት ኮምፒውተሮች ላይ ተጠቃሚው ብዙውን ጊዜ አድሚን ሆኖ ነበር የሚጀምረው። በ2007 ቪስታ «ይህን ልፍቀድ?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ሰው ሳያነብ «አዎ» ማለት ለመደ። በስልካችንም እንዲሁ ነው። አንድሮይድ ከ2015 ጀምሮ አፑ ካሜራ፣ ማይክሮፎን፣ የስልክ ማውጫ ሲፈልግ ባለቤቱን ይጠይቃል። የእጅ ባትሪ አፕ የስልክ ማውጫችሁን ለምን እንደሚፈልግ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የፋይል ፈቃድ የሚጠብቀው ቤቱን ነው፤ ወረቀቱን አይደለም። በጥንቃቄ የታጠረ ፋይል ማንበብ የተፈቀደለት ሰው በተለመደው ፍላሽ ገልብጦ ሲወጣ ፈቃዱ አብሮት አይሄድም፤ ፍላሾቻችን በአብዛኛው የሚጠቀሙት አሠራር የባለቤት ስም የሚይዝበት ቦታ የለውም። ዘርዐ ያዕቆብ ብላቴኖቹን ከውጭ ሰው የከለከሉት ይህንኑ ፈርተው ነው። ለተፈናቃዮች ስም ዝርዝር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ማን ከየት እንደመጣ፣ የት እንዳለ የሚናገር ዝርዝር ሳይለወጥ፣ በመነበቡ ብቻ ሰው ሊጎዳ ይችላል።

ሰባት፦ ሲስተሙ ስለፈቀደ ተፈቀደ?

መጋቢት 2016 ዓ.ም. አንድ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ደንበኞች በሂሳባቸው ካለው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በፍጥነት ተዳረሰ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ገልጾ ገንዘቡ እንዲመለስ ጠየቀ። ያኔ የተነሳው ክርክር ትዝ ይላችኋል፤ «ማሽኑ ሰጠኝ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?» የሚል። መልሱ ማሽን መፍቀዱና ሰው መብት ማግኘቱ አንድ አይደለም ነው።

የሕጋችንም አቋም ይህ ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ በላይ ኮምፒውተር ውስጥ መግባትን ወንጀል ያደርጋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው መረጃ የሚይዝ ተቋም ተገቢውን ጥበቃ እንዲያደርግ ያስገድዳል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው ዲጂታል መታወቂያም የብዙ አገልግሎት መግቢያ እየሆነ ነው። ሕጉ አለ።

እዚህ ላይ ግን ያ «አድሚን» ተመልሶ ይመጣል። «ከተሰጠው ፈቃድ በላይ» ለማለት መጀመሪያ የተሰጠ ፈቃድ መኖር አለበት። አምስቱም ሠራተኞች ሙሉ ሥልጣን ካላቸው ማንኛቸው ከፈቃዱ አለፈ ይባላል? አምስቱም በአንድ ስም ከገቡ ዐቃቤ ሕግ ማንን ይከሳል? ንጹሑ ሠራተኛስ ንጹሕነቱን በምን ያስረዳል? የጋራ የይለፍ ቃል ለሌባው መደበቂያ ነው፤ ለሐቀኛው ደግሞ ወጥመድ።

ስምንት፦ «ሥራ ይቆማል» ለሚሉ

ይህን ስናነሳ የሚመጣ መልስ አለ፤ መልሱም ከንቱ አይደለም። «ባለሙያችን አንድ ነው። ስብሰባ ሲሄድ፣ ሲታመም፣ ከመንዝ ተነስቶ የመጣ ገበሬ ይመለስ? ቁልፉን ሁሉም ቢያውቀው ነው ሥራ የሚሄደው» ይላሉ። እውነት ነው። ፈቃድ ያለ ልክ ሲጠብቅ ባለጉዳይ ይጉላላል። «ሲስተም የለም» የሚለው ቃል ምን ያህል ሰው እንዳንከራተተ ሁላችንም እናውቃለን።

ነገር ግን ለዚህ መፍትሔው ቁልፉን ማባዛት አይደለም። «ቡድን» የተፈጠረው ለዚሁ ነው። ለአምስቱም በየስማቸው መግቢያ ይሰጣቸው። መዝገቡን ሁሉም ያንብብ፤ የሚጽፉት ሁለት ይሁኑ፣ ዋናውና ተጠባባቂው። ተጠባባቂው ሲለወጥ ከቡድኑ ይውጣ፣ አዲሱ ይግባ። የአድሚኑ የይለፍ ቃል በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ፤ ፖስታው ሲከፈት ቀንና ምክንያት ይጻፍ። ማን መቼ ገብቶ ምን እንደለወጠ የሚይዘው መዝገብ ይበራ፤ ለዋጩ ራሱም ሊሰርዘው አይቻለው። ሠራተኛ ሲዛወር መግቢያው በዚያው ቀን ይዘጋ። ለዚህ አዲስ ማሽን አይገዛም። ሥርዓቱ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስቀድሞ አለ፤ የሚጎድለው የሚወስን ኃላፊ ነው።

በክልላችን የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ ይወጣል። ይህ ትልቅ ድል ነው፤ ብዙ ሴት በዚያ ደብተር ከመፈናቀል ተርፋለች። ደብተሩ በሴትዮዋ ሣጥን ውስጥ ነው፤ የማንበቢያ ቅጂዋ ነው። ክርክር ሲነሳ ግን የሚታየው የቢሮው መዝገብ ነው። መዝገቡ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እየተሻገረ ባለበት በዚህ ጊዜ፣ ለእሷ ከደብተሩ እኩል የሚያስፈልጋት የመዝገቡ የመጻፍ ፈቃድ በማን እጅ እንዳለ መታወቁ ነው።

ስለዚህ ጉዳያችሁን ይዛችሁ ቢሮ ስትሄዱ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ በትሕትና፣ ግን ጠይቁ። የእኔን ፋይል ማን ያያል? ማን ይለውጠዋል? ከተለወጠስ ማን እንደለወጠው ይታወቃል? ሦስተኛውን የማይመልስ ቢሮ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቢመልስም አትመኑት። የተመረጣችሁ፣ የተሾማችሁ፣ ቢሮ የምትመሩ አንባቢዎች ደግሞ ነገ ጠዋት ስትገቡ ስክሪኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንሱት፤ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በስሙ መግቢያ እስኪሰጥም እረፍት አይኑራችሁ።